ጡሩንባው የገዛ ሰፈሩን የጠራ ዕለት

እናቴ ትሙት፣ ይሄ እውነት ነው። ውሸታም መሆኔን የማያውቅ የለም፤ ዝሆን በብስክሌት ጭኜ አውቃለሁ ብዬ ያሳመንኩት ሰው አለ። ይቺን ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ፤ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁና "ጋሼ፣ ይቺ ነገር ሞተች" አልኩት።

ጋሼ ጎኔ ተቀምጦ ማይኩን በመሐረብ ይወለውላል። ሰው ጡሩንባው ይለዋል። ጣራችን ላይ በጎማ የታሰረው ድምፅ ማጉያ ለወጉ ነው እንጂ እሱስ አያስፈልገውም፤ አንዴ አስነጥሶት የጎረቤት ዶሮዎች በድንጋጤ ያለ ቀናቸው ጥለዋል። ውሃ ይቋረጣል ካለ ውሃው ራሱ ሰምቶ ይቆማል። የጠፋ ልጅም ሆነ የሞተ ሰው፣ የገዢው ድርጅት ስብሰባም ቢሆን በእሱ አፍ ነው ሰፈር የሚገባው። የድርጅቱን ዓርማ ደረቱ ላይ የሰካው ፀጉሩ ገና ጥቁር ሳለ ነው፤ ሸሚዝ ሲቀይር ከአዝራሩ በፊት እሷን ያስቀድማል።

"ይቺን ቀልድ ለነገ አቆያት" አለኝና እጁን ሰዶ ቁልፉን አዞረው። ከሃዲዋ መኪና ወዲያው ተነሳች።

ቀልድ አልነበረም። ከጠዋት ጀምረን የምንለፍፈው አዋጅ አንድ ነው፦ ከወንዝ ማዶ የመጣ ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ወጥቶ ኳስ ሜዳው ላይ ይሰብሰብ፤ ወደመጣበት ይመለሳል። ያገባ፣ የወለደ፣ ያረጀ ብሎ ነገር የለም። የደበቀ ከተደበቀው ጋር ይሄዳል። መታጠፊያው ደግሞ ወደ ጋሼ የገዛ ሰፈር ነው የሚያስገባው፤ ሚስቱ እትዬ ደግሞ የወንዝ ማዶ ሰው ናት። እዚህ ስትመጣ እኔ አልተወለድኩም።

ይሄን ሰፈር እንዝለለው፣ ማን ያየናል አልኩት። የራሱን ሰፈር ዘሎ የሰውን በምን አፉ እንደሚጠራ ጠየቀኝ። ደግሞም አዋጁ ለሌላው ነው አለ፤ ለተንኮለኛው፣ ለሰርጎ ገቡ። ድርጅቱ የራሱን ሰው አይበላም፤ አለቃው ትከሻውን መታ አድርጎ አይዞህ ብሎታል። ይሄን ሁሉ ሲለኝ የሚያየው እኔን ሳይሆን ጉልበቱን ነበር።

እንደ ኤሊ እየጎተትኩ ገባሁ። ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ። ድምፁ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። መስኮቶች በየተራ ተዘጉ። በየደረስንበት እንዲያው ነው፤ ሰው በሩን ይቆልፋል፣ መጋረጃውን ይስባል፣ አንድም የወጣልን የለም። እኔም በሆዴ ደግ አደረጋችሁ እላለሁ።

ከዚያ የጋሼ የቆርቆሮ በር ተከፈተ።

እትዬ የክት ጫማዋን አድርጋ አንድ ሻንጣ ይዛለች። ቀጥ ብላ መጣችና በመስኮቱ የቤቱን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ጋሼ በሌላው እጁ ማይኩን አፈነው።

"ግቢ። አንቺን አይመለከትም" አላት በቀስታ። በቀስታ ማውራት እንደሚችል ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

"ሁሉ ብለህ የለ። ጓዳ ድረስ ሰማሁህ።"

"አለቃው ነግሮኛል እኮ። ያውቁኛል።"

"አንተንማ ያውቁሃል። መጥተው ካልጋ ሥር ቢያወጡኝ ግን የደበቅኸኝ አንተ ነህ። በስተርጅና ወንዝ ልትሻገር፣ ዋና እንደሁ አትችል።"

ትንሽ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። የደም ግፊቱ ኪኒን ከስኳሩ ጣሳ አጠገብ እንዳለ፣ በባዶ ሆዱ እንዳይውጠው ነገረችው። ኮሌታውን አቃናችለት፤ ዓርማውን አልነካችም። እኔን ደግሞ "አንተ ቀጣፊ፣ ቀስ ብለህ ንዳለት" አለችኝና ወደ ኳስ ሜዳው መንገድ ያዘች።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፊት ለፊት ያለው አናጢ፣ እሱም የወንዝ ማዶ ሰው፣ ከነልጆቹ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ከመንቶቿ አንዱን አዝላ ሌላውን አቅፋ ተከተለች። ያ ሁሉ ልፈፋ ያልከፈተው በር አንድ በአንድ ተከፈተ። አናጢው በመስኮታችን ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ለጋሼ እጅ ነሳ።

"የእርስዎ ባለቤት ከወጡ እኛ የት እንቀራለን" አለ። ነቀፋ የለበትም፤ ነገሩ የገባው ሰው አነጋገር ነው።

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ያ ድምፅ ግቡ ቢል፣ ኳስ ሜዳ የደረሰውም ሰምቶ ይመለሳል። ጋሼ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። እኔ ማርሹን ጨብጬ አፉን አፉን አየሁ።

"ስለ ትብብራችሁ" አለ፣ "እናመሰግናለን።"

የአዋጁ ማሳረጊያ ናት፤ በየሰፈሩ ሲላት ውሏል። ምላሱ የለመደውን አወጣ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ማይኩን መዝጋት ረስቶ ኖሮ ትንፋሹ ብቻ ከጣራችን ላይ ሰፈሩን ሞላው፣ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። እትዬ መንገዱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ያን ትንፋሽ ሰማችና ዘወር አለች። እጇን አነሳችለት።

መቼም ምያለሁ፤ አንዷን ውሸት ልመልስ። ዘወር ማለቷንና እጇን ማንሳቷን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ዞራ አይታኝ ነበር ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔም አዎ እላለሁ፣ ከዚያው ለምዶብኝ ነው። እሷስ ሻንጣዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች እንጂ አልዞረችም።