ወደ ውስጥ የተሳበ «አዎ»

እስቲ ንገሩኝ፤ «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ የማያውቅ ሐበሻ ከመካከላችሁ ማን አለ? ዘነበችም ቦከንሃይም በተባለ የጀርመን ሰፈር ውስጥ፣ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በሞሉበት የእንግሊዝኛ ክፍል፣ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። የዕለቱ ትምህርት የድምፅና የመጠን ቃላት ነበር፤ ሹክሹክታ፣ ፍንዳታ፣ ትንሽ፣ ግዙፍ። ጀርመናዊው መምህር ካሴቱን አቁሞ «ገባዎት፣ ወይዘሮ ዘነበች?» ሲላት ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«አይጥ አየች!» አለ ከኋላ አንድ ቺሊያዊ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ግን አልሳቀም። የዚያን ድምፅ የእንግሊዝኛ ስም ሰሌዳው ላይ ጻፈና «ይህ የፈራ ሰው ድምፅ ነው» ሲል አስረዳ። ከጎኑም ከዕለቱ የመጠን ቃላት «ትንሽ» የሚለውን ጨመረበት። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ «ይህ ክፍል ይከብድዎታል፤ ከነገ ጀምሮ ከጀማሪዎቹ ጋር ይቀመጡ» አላት። ወደ ጀማሪዎቹ ከወረደች ደግሞ ይህን ክፍል ስትጨርስ እንቀጥርሻለን ብለው ኤርፖርት ተስፋ የሰጧት ሥራ ቀረ ማለት ነው።

ዘነበች ተነሥታ ጠመኔውን ከእጁ ወሰደች። «ትንሽ» የሚለውን በመዳፏ ጠርጋ በቦታው «ግዙፍ» ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ትንፋሿን እንደገና ሳበች፤ አሁን እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ።

«በአገሬ ይህ አዎ ነው» አለች በእንግሊዝኛ፣ ሳትቸኩል። «ገባኝ ነው ያልኩዎት። እርስዎ ግን እኔን ሳይጠይቁ፣ ፈራች ብለው ለሰው ሁሉ አስተማሩ።» ጠመኔውን ዘረጋችለት። «አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት፤ ገባዎት? ለብቻዬ አይንገሩኝ። ሁሉም እየሰማ ይመልሱ!»