የሚሊሜትር ገጾች

እንግዳዋ ጣቷን በስልኳ መስታወት ላይ ወደ ቀኝ ታንሸራትታለች። «ምስል» ይላል ስልኩ፣ ስሜት በሌለው የሴት ድምፅ። እንደገና ታንሸራትታለች። «ምስል።» አሁንም። «ምስል።»

«ምን ማለቱ ነው?» ይላል ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ጠረጴዛው ራስ ላይ ሆኖ። «መጽሐፉን ነው እኮ የከፈቱት።»

ሚሊሜትር ከእንግዳዋ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጥፍሩን ይመረምራል። ምን ማለቱ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሚሊሜትር የቢሮ ስሙ ነው። አንዲት ፊደል ከመስመሯ ዝቅ ካለች እህል አይወርድለትም ብለው ነው ያወጡለት፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ይዞታል። የሕግ ትምህርት መግቢያ ፈተና ማጥኛ መጽሐፉን ወደ ስልክ መተግበሪያ እንዲያመጣ የታዘዘውም ለዚሁ ነው። ጽሑፉ ግን በየስልኩ አመሉ ሌላ ሆነበት። አንዱ ላይ መስመሩ ከዳር ተርፎ ይቆረጣል፣ ሌላው ላይ የግርጌ ማስታወሻው ሰንጠረዡ ላይ ይወጣል፣ አንባቢው ፊደሉን ላሳድግ ሲልማ ገጹ እንዳለ ይተረማመሳል። መላው ሲጠፋው ገጾቹን በራሱ ኮምፒውተር ላይ አሳምሮ ደረደረና አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ ፎቶዎቹን መተግበሪያው ውስጥ ለጠፈ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሥራ አስኪያጁ አይቶ «እንደታተመ እኮ ነው!» ብሎ ትከሻውን ሲመታው ፈገግ ብሎ አለፈ።

ዓይነ ስውራን መጽሐፉን የሚሰሙት ስልካቸው ጽሑፉን ሲያነብላቸው እንደሆነ ያውቃል። የስልኩ ድምፅ ፊደል እንጂ የፊደል ፎቶ እንደማያነብም ያውቃል። ሲለጥፍ ትዝ ብሎት ነበር፤ አንድ ሁለት ሰው ቢሆኑ ነው ብሎ ተወው። ከአንድ ሁለቱ አንዷ አሁን ከፊቱ ናት።

ሆስፒታል ውስጥ ስልክ ተቀባይ ናት። ሥራ አስኪያጁ መጽሐፉን ሞክራ አስተያየት እንድትሰጥ ጋብዟት፣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ፣ ነጭ ዘንጓን ይዛ፣ ደረጃውን ብቻዋን ወጥታ ነው የመጣችው። ገና ከመቀመጧ ሳቋ ክፍሉን ሞልቶት ነበር።

«እስካሁን ታናሽ እህቴ ነበረች የምታነብልኝ» ብላቸው ነበር። «አግብታ ሄደችብኝ። ባልሽን ተይና ነይ አንብቢልኝ አይባል! አሁን ግን በቃ፣ ከዚህ በኋላ የማንንም ፊት አላይም። ፈተናው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ዘንድሮ አልፌ ነው የማሳያችሁ።»

አሁን ሳቋ ቀንሷል። ጣቷ ግን አልቆመም። «ምስል።»

«የኔ ስልክ ነው ጉደኛው» ትላለች በመጨረሻ፣ የተቸገሩት እነሱ ይመስል። «አርጅቷል።»

ሥራ አስኪያጁ ቀና ይላል። «አዎ፣ አሮጌ ስልክ ላይ እንዲህ ያደርግ ይሆናል። አይደል እንዴ?»

ጥያቄው ለሚሊሜትር ነው።

«ሊሆን ይችላል» ይላል ሚሊሜትር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እስከ ጆሮው ድረስ ይግላል።

«እንግዲያው አዲስ እገዛለሁ» ትላለች እንግዳዋ። «ለካፖርት ብዬ ያስቀመጥኳት አለች። ብርዱን እችለዋለሁ፣ ፈተናው ይበልጣል። እንካ እስቲ እየው ወንድሜ፣ አንተ ባለሙያው ነህ፤ ምን ዓይነት ልግዛ?»

ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ትገፋለታለች። ሚሊሜትር ያነሳዋል። መስታወቱ ድርግም ብሎ ጨልሟል።

«ጠፍቷል» ይላል።

«አልጠፋም። መብራቱን እኔ ነኝ የምዘጋው፣ ባትሪ ይቆጥብልኛል።» ትስቃለች። «ለማን ብዬ ላብራው?»

ሚሊሜትር ጥቁሩን መስታወት ያያል። ዳር ዳሩን እኩል ያደረጋቸው፣ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታ ግማሽ ቀን የተጨነቀባቸው ገጾች እዚያ ውስጥ ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ካፖርት የሌላት ሴት አዲስ ስልክ ይዛ «ምስል» ስትባል ይታየዋል።

«ስልክ አይግዙ» ይላል። «ስልክዎ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው። ጽሑፉን አይደለም ያስገባሁት፣ የገጾቹን ፎቶ ነው። መስመሩ አልስተካከል ሲለኝ…»

«ሁሉንም?» ትላለች እንግዳዋ።

«ሁሉንም።»



«መስተካከል ይችላል?» ትላለች።

«ይችላል። ግን ከመጀመሪያው መሠራት አለበት። ለዚህኛው ፈተና አይደርስም።»

ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን እጇን ዘርግታ ስልኳን ትቀበለዋለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ዚፑን እስከ ጫፉ ትዘጋለች። ዘንጓን ከወንበሩ ጎን ትፈልጋለች። ሥራ አስኪያጁ ሊያቀብላት ሲነሳ ቀድማ ታገኘዋለች። ከዚያ ፊቷን ድምፁ ወደመጣበት ወደ ሚሊሜትር ትመልሳለች።

«እኔ እምልህ» ትላለች። አሽሙር የለበትም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው። «ፎቶው ያምራል?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

«በጣም» ይላል ሚሊሜትር፣ አንገቱን ደፍቶ።