ማዛጋት ያሳሰረው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ዘርጋው የታሰረው፣ ታላቁ መሪ በአዳራሹ ንግግር ሲያደርጉ በማዛጋቱ ነው። ጠዋት የተጀመረው ንግግር ምሳ ሰዓት አልፎት ነበር። ዘርጋው ደግሞ ሌሊቱን የመሪው ፎቶ ያለበት ቲሸርት ሲሰፋ ነው ያደረው።

ችሎቱ ለሌላው መቀጣጫ እንዲሆን በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ።

«እንዴት አድርገህ ነው ያዛጋኸው?» አሉ ዳኛው።

«እንደ ሰው ነዋ፣ ክቡር ዳኛ።»

«አሳየን!»

ዘርጋው አፉን በሰፊው ከፍቶ አሳየ። ዐቃቤ ሕጉ ከንፈሩን ነክሶ ታገለ፤ አልቻለም፣ አዛጋ። ፖሊሱ ተከተለ። ዳኛው «ጸጥታ!» ሊሉ የከፈቱት አፍ ለማዛጋት ዋለ። ቤተ መንግሥት ሆነው ችሎቱን ያዩ የነበሩት ታላቁ መሪም በሹማምንታቸው ፊት እንባቸው እስኪወርድ አዛጉ።

በማግስቱ አዋጅ ወጣ፤ ማዛጋት የአገር ፍቅር መግለጫ ሆነ። ዘርጋውም በምስጋና ተፈታ። ሚስቱ በእልልታ ተቀበለችው።

በሳምንቱ መሪው እዚያው አዳራሽ ሲገቡ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አዛጋላቸው። ዘርጋውም እንደ ሰዉ አፉን ከፈተ፤ ግን አልመጣለትም። መንጋጋው እስኪያመው ሞከረ።

ከጎኑ የቆመው ፖሊስ ጠጋ ብሎ ፊቱን መረመረው።

«ይሄ የማስመሰል ነው» አለ፤ «እንባ የለውም።»

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ ዘርጋው ሁለት እጆቹን ለካቴናው እያቀረበ፤ «እስር ቤት እንቅልፌን ጠግቤ ነው የወጣሁት።»