የወሎዋ ዘፋኝ

በአምላክ፣ ልጁ ኑሃሚን ለልደቱ ከከተማ መሃል ገዝታ ያመጣችለትን አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ገና እጁ ሲያስገባ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ አማርኛ አለመሆኑን ዐወቀ። ፊደሎቹ ጭንቅላታቸው ክብ ክብ ነው፤ አንዱንም አይቶት አያውቅም። ኑሃሚን ግን በሰው አገር፣ አስኮት ቬል ተወልዳ ያደገች፣ ሀ ሁ ያልቆጠረች ልጅ ናት። የአገሩ ዘፈን መስሏት እንደገዛችው ገመተ። ፊቷ በደስታ ሲበራ ሲያይ ሊል ያሰበውን ዋጠና መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈ።

አንዲት ሴት ድምጿን እያርገበገበች ለቀቀችው። የበአምላክ ትከሻ ሳያስበው ተነቀነቀ። ቅኝቱን ያውቀዋል፤ ትዝታ ነው!

"ማን ናት፣ አባዬ?" አለችው።

"እሷማ የታወቀች የወሎ ዘፋኝ ናት" አለ ኮራ ብሎ፣ ጣቱን ማንበብ ከማይችለው ስም ሥር እያስኬደ። "እኛ ሰፈር የእሷ ዘፈን ካልተከፈተ ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር።"

ኑሃሚን ሳቋን መያዝ አቃታት። "ሻጩ እኮ የድሮ የታይላንድ የባላገር ዘፈን ነው ብሎኛል። ስሰማው አንተ ሻወር ውስጥ የምታንጎራጉረውን መሰለኝና ገዛሁልህ።"

በአምላክ ለአፍታ እንኳ አልደነገጠም። መርፌውን አንስቶ ወደ መጀመሪያው መለሰና ትከሻውን አመቻቸ።

"ታዲያ እኔ ምን አልኩሽ?" አላት። "ታይላንድም ወሎ አላት።"