የሱልካን ሲዲ

እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006፣ አንድ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ ከተማ የኮምፒውተር ገበያ ሦስተኛ ፎቅ የሚገኘው የሱልካን ሱቅ ተዘጋ። የዘጉት ፖሊሶች አልነበሩም። የዘጉት የፎቁ ነጋዴዎች ናቸው፤ ይዘጋ ያለው ደግሞ የሱልካን የአሥራ ሁለት ዓመት የምሳ ጓደኛ ሙስታኪም ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ነጋዴዎቹ «ቡ»፣ ማለትም ወይዘሮ፣ የሚሏት ሊሊክ ስድስት ሠራተኞች ያሉት የቤት ፕላን ቢሮ አላት። በዚያ ሰሞን ፖሊስ ቢሮ ለቢሮ እየዞረ ፎርጅድ ሶፍትዌር የተጫነበትን ኮምፒውተር ሁሉ ይወስድ ነበር። እሷም ከሱልካን ዘንድ አንድ ያገለገለ የፕላን መሥሪያ ሶፍትዌር መረጠችና፣ ከመክፈሏ በፊት እንደ ደንቡ ሳጥኑን ይዛ ወደ ሙስታኪም ጠረጴዛ መጣች።

በዚያ ፎቅ ያገለገለ ሶፍትዌር ሙስታኪም ሳያየው አይሸጥም። ሲዲው ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አይሞከርም። መለያ ቁጥሩ አንዴ ከገባ ከዚያ ኮምፒውተር ለማስለቀቅ ወር ይፈጃል፤ ለሙከራ ብሎ ቁጥር የሚያሳስር ነጋዴ ደግሞ የለም። ምርመራው በዓይን ብቻ ነው። ሙስታኪም ከዚሁ ሶፍትዌር ከዚሁ እትም አንድ ሳጥን መሳቢያው ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። ከአራት ዓመት በፊት ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገዛው ነው። የመጣውን ሁሉ ከእሱ ጎን አስቀምጦ ያስተያያል። እስከዚያ ሐሙስ ድረስ መቶ ሰባት አሳልፎ ዘጠኝ ጥሏል።

«ቻክ፣ ቶሎ በልልኝ፤ ሠራተኞቼ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል» አለች ቡ ሊሊክ፤ «ቻክ» በሱራባያ «ወንድሜ» እንደ ማለት ነው።

«ቡ፣ እርስዎ ከቸኮሉ ፖሊሶቹም ይቸኩላሉ» አለ ሙስታኪም፣ ማጉያ መነጽሩን ከኪሱ እያወጣ።

በመጀመሪያ ተለጣፊውን አየ። የእሱ ሳጥን ተለጣፊ ዘንበል ሲደረግ ከአረንጓዴ ወደ ወርቅማ ይለወጣል። የሱልካን ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ቀረ። መመሪያውን ገለጠ። የእሱ ወፍራምና ለስላሳ ወረቀት ነው፤ የሱልካን እንደ ጋዜጣ የሳሳ። ሲዲውን ገልብጦ መሐሉ ላይ ያለውን ቁጥር ፈለገ። በእሱ ላይ ቁጥሩ ጥርት ብሎ ታትሟል። በሱልካን ላይ በመርፌ የተጫረ እስኪመስል ድረስ ቀጭን ነው።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰዎች መሰብሰብ ያዙ።

ሱልካን ምሳውን አቋርጦ፣ እጁን በመሐረብ እየጠረገ መጣ። «ምነው ቻክ፣ የሠርግ ወርቅ ነው እንዴ የምትመረምረው?»

ሙስታኪም አልሳቀም። «ከማን ነው የገዛኸው?»

«ከአንድ ቢሮ።»

«የቱ ቢሮ?»

ሱልካን መሐረቡን አጠፈና መልሶ ዘረጋው። «ስሙን ላልናገር ቃል ገብቻለሁ። ሰውየው ቢሮውን መዝጋቱ እንዲወራበት አልፈለገም።»

«ቃል!» አለ ከጎን ሱቅ ባትሪ የሚሸጠው ሰው። «ባለፈው የሸጥክልኝ ማተሚያም ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ጠብታ ቀለም አልተፋም!»

የተሰበሰበው ሳቀ። ሱልካን ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም።

«ደረሰኝ አለህ?» ሲል ጠየቀ ሙስታኪም።

«የለኝም። ያገለገለ ዕቃ ነው እኮ፣ ቻክ! እዚህ ፎቅ ላይ ደረሰኝ ያለው ማን ነው?»

ይኼ እውነት ነበር። ሙስታኪም ግን የሚያምነው የሚታየውን ነው። ማጉያውን ለሱልካን ሰጠው። «እኔን ተወኝ። ራስህ እይ።»

ሱልካን አጎንብሶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«አይመሳሰሉም» አለ።

ከዚህ በኋላ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። ፎርጅዱን ኦርጅናል ነው ብሎ ያቀረበ ፎቁን ይለቃል፤ ደንቡ ይኼው ነው፣ ነጋዴዎቹ ሁሉ የፈረሙበት ነው።

«ሙስታኪም፣ ሌላ ሙያ የለኝም» አለ ሱልካን በቀስታ። ቻክ ማለቱን ትቶት ነበር። «ለሠሪው ኩባንያ ላከው። እነሱ ይፍረዱ።»

«ስድስት ሳምንት ይፈጃል።»

«ይፍጅ።»

ሙስታኪም ተስማማ። መልሱ እስኪመጣ ግን ሱቁ እንዲዘጋ አደረገ። ኩባንያው አስተያይቶ እንዲፈርድ ሁለቱንም ሳጥኖች አብሮ ጠቀለለ። በገዛ እጁ ጽሑፍ በሱልካን ሳጥን ላይ «ተጠርጣሪ»፣ በራሱ ላይ «ማነጻጸሪያ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ከማሸጉ በፊት ቡ ሊሊክ ከሌላ ሱቅ ሌላ ሳጥን ይዛ መጣች። ያ በተለጣፊውም በወረቀቱም በቁጥሩም ከማነጻጸሪያው ጋር ቁርጥ አንድ ነበር። ሙስታኪም አሳለፈላት። እሷም አመስግና ሄደች፤ በማግስቱ ቢሮዋ ውስጥ ተጫነ።

ሱልካን ገበያው በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሽቦና መዳፊት መሸጥ ጀመረ። ሙስታኪም ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት የፎቁ ነጋዴዎች ማኅበር መጠበቁ ሰለቸውና ሱቁን ለስልክ ሽፋን ነጋዴ ሰጠው። ሙስታኪም አልተቃወመም።

ደብዳቤው በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት ደረሰ። ሙስታኪም ብቻውን አልከፈተውም። በኋላ ተሸፋፈነ እንዳይባል ነጋዴዎቹን ሰበሰበ፤ ሱልካንንም ከበር አስጠራው። ከዚያ ፖስታውን ቀደደና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሰላምታውን ጨርሶ ቀጣዩን መስመር በዓይኑ ብቻ አነበበና ወረቀቱን ዝቅ አደረገው።

«ቀጥል እንጂ» አለ ባትሪ ሻጩ። ሰውየው ወረቀቱን ከእጁ ወሰደና አነበበው፦

«‹ተጠርጣሪ› የሚል የተለጠፈበት ሳጥን የእኛ ምርት ነው፤ ‹ማነጻጸሪያ› የሚል የተለጠፈበት ግን ከእኛ ዘንድ አልወጣም።»