ቢጫ በር

ዘመኑ በር ሁሉ እጀታውን የነካውን ሰው ደም የሚያነብበት ነው፤ የጉበት ቫይረስ ካገኘ ቢጫ ይበራል። የዳምጠው በር የበራ ዕለት የእድሩ ዳኛ ባንተይርጋ ጎረቤት አስከትሎ ገባበት።

«ለቅሶ ቤት ከአንድ ትሪ አብረኸን የምትበላው ልትጨርሰን ነው?» ብሎ አፉን በቡጢ ነረተው።

«በምግብ አይተላለፍም፣ ጋሽ ባንተይርጋ፤ በደም ነው» አለ ዳምጠው ደም እየተፋ።

የሰማው የለም። ባንተይርጋ ጥርሱ እስኪረግፍ ደበደበው፤ ጣቱ በዳምጠው ጥርስ መቀደዱን ያየው እቤቱ ገብቶ ሲታጠብ ነው።

በሦስተኛው ወር የራሱ በር ቢጫ በራ። ሚስቱ ኩባያውን ለይታ የኩባያው ጆሮ ላይ ክር አሰረችበት። ወዲያው እነዚያው ጎረቤቶች ዱላ ይዘው ገቡ።

«በምግብ አይተላለፍም» አለ ባንተይርጋ፣ ጠባሳ ያለበትን ጣቱን እያሳያቸው። «በደም ነው።»

የሰማው የለም።