በትከሻ የምትያዝ ማሽን

«ይሄኛውንስ አንሺው እስቲ» አለኝ አባዬ፣ መሬት ላይ ከተደረደሩት የብየዳ ማሽኖች አንዱን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ።

ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ጉልበቴ ድረስ መጣና እዚያው ቀረ።

«ተነሣ?»

«ተነሥቷል።»

«ውሸታም! ስታለከልኪ ይሰማኛል። ወገብሽን ሳይቆርጠው አስቀምጪው።»

ባለሱቁ ሳቀ። ሆዱ ባንኮኒው ላይ የሚያርፍ፣ ሳቁ ቶሎ የማያልቅ ሰው ነው። የአባዬን ክንድ ይዤ ስላስገባሁት፣ ዓይኑ እንደደከመ ለባለሱቁ ሳይገባው አልቀረም። ቢሆንም ከገባን ጀምሮ የሚያነጋግረው አባዬን ብቻ ነው፤ ማሽኑ የእኔ ይሆናል ብሎ አላሰበም። እኔም አላረምኩትም። አባዬ ምን እንደሚል ፈርቼ ነው።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ በያጅ ነበር። በጎረምሳነቱ የተቀጠረበት ጋራዥ ፊት የሚከልል ማስክ የነበረው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ተራ ሳይደርሰው ሲቀር ፊቱን ዞር፣ ዓይኑን ጨፈን እያደረገ ነው የበየደው። የብየዳው ብርሃን ዓይኑን ጎዳው፤ አሁን መስኮቱን ከግድግዳው ይለያል እንጂ ፊቴን ካየ ቆይቷል። ሐኪሞቹም ከዚህ በላይ አይሻሻልም ብለውናል። ልጅ ሳለሁ የሥራ ቦታው ደጃፍ ላይ ቆሜ ካገኘኝ እንደ ነብር ይቆጣ ነበር። «በዚህ ቤት ውስጥ እሳት የሚነካው እኔ ብቻ ነኝ!»

እኔ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ከስፌት ስመለስ ግን ጎረቤታችን ጓሮ ገብቼ፣ በተውሶ ማሽን፣ ከቁርጥራጭ ብረት የአበባ ማስቀመጫና ወንበር እሠራለሁ። ደስ ስለሚለኝ ነው። ለአባዬ ግን አልነገርኩትም። ባለፈው ሳምንት እራት ሳቀርብለት እጄን ያዘና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። የተቃጠለ ብረት ሽታ በሳሙና አይለቅም። ከዚያ እጄን ለቆ እንጀራውን ቆረሰ። ዛሬ ጠዋት ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«የተውሶ ማሽን ኬብሉ የተላጠ ነው፣ ሰው ይገድላል» አለኝ። «ነይ፣ ደህና እንፈልግ።» ተቆጥቶ ይሁን ተስማምቶ አልለየሁም።

«አባባ፣ ለጋራዥ ነው ወይስ ለቤት?» አለ ባለሱቁ።

«ለቤት። በለኮስነው ቁጥር የሰፈሩን መብራት የሚያጠፋ አልፈልግም። ቀጭን ብረት ሳይበሳ የሚበይድ ይሁን። ዋጋውም ለአስቤዛ የሚያስተርፍ።»

«የሚሠሩበት እርስዎ ነዎት?»

የአባዬን ክንድ እንደገና ይዤ ነበርና ሲገተር ተሰማኝ።

«በያጇ እሷ ናት» አለ። «እሷን ጠይቃት።»

ባለሱቁ ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ምን እንደጠየቀኝ አልሰማሁም። አባዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «ተናገሪ እንጂ! ተደብቀሽ ስትሠሪ እንዲህ ዓይን አፋር ነበርሽ?»

እንደ ልብ ይዣት የምንቀሳቀስ ቀላል ማሽን እንደምፈልግ ተናገርኩ። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ላይ የጫማ ካርቶን የምታክል፣ እንደ ቦርሳ ማንገቻ ያላት ማሽን አወረደ። ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኳት። አባዬ መጥቶ ማንገቻውን ዳሰሰ፣ ትከሻዬንም ዳሰሰ። አሁን አላለከለክሁም።

«እንሞክራት» አለ።

ከሱቁ ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ ባለሱቁ ሁለት ቁራጭ ብረት አጋጥሞ ሰጠኝ። የሱቁን ማስክ ደፋሁ። አባዬ ብርሃኑ ዓይኑን እንዳይወጋው ወደ ግድግዳው ዞሮ ጆሮውን ሰጠኝ።

«ራቅሽ፣ ይንጣጣል» አለ ገና ስጀምር። «ጠጋ በይ። ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ሊጣበቅብሽ ነው! … እንደሱ። እንደሱ። ትኩስ ዘይት ላይ ሽንኩርት ሲገባ እንደሚለው ይበል። አትሩጪ፣ ማን አባረረሽ?»

ድምፁ ተስተካከለ። እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እስኪያልቅ ሳይቆራረጥ ሄደ።

«አታስልም» አለ አባዬ። «ስትሞቅስ?»

«ስትሞቅ ራሷ ታርፋለች» አለ ባለሱቁ። «ስትቀዘቅዝ ትቀጥላለች።»

«እንደ እኔ ናት በለኛ። እንወስዳታለን። ማስክ ጨምርበት። ማሽኑ ርካሽ ቢሆን ግድ የለኝም፣ ማስኩ ግን ካለህ ሁሉ ጥሩው ይሁን።»

ባለሱቁ አዲሱን ማስክ ሲያመጣለት፣ አባዬ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ማሰሪያውን ጎተተ፣ አልበቃው ብሎ ራሱ ላይ ደፋው። «እስቲ ለኩሺ፣ ጨረር ያስገባ እንደሆነ ልየው» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

ለኮስኩ። «ራቅሽ» እስኪለኝ ጠበቅኩ።

«አባዬ? ዓይንህን አመመህ እንዴ?»

«አታቁሚ።» ድምፁ ልክ አልነበረም። «ትታየኛለች። የብርሃኗ ነጥብ … ወደ ቀኝ እየሄድሽ ነው።»

ወደ ቀኝ እየሄድኩ ነበር።

«አሁን ቆም አልሽ። ዞር አደረግሻት። ቀጠልሽ።» ከጎኔ ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ተንቋቋ። «እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔ ልጅ፣ እጅሽ እኮ አይንቀጠቀጥም።»

ኤሌክትሮዱ አለቀ፤ ጨለመ። አባዬ ማስኩን አላነሳም። ባለሱቁ ማሸጊያ ካርቶኑን ይዞ መጥቶ ነበር፤ አባዬን አየና ካርቶኑን መሬት አስቀምጦ፣ ሌላ ኤሌክትሮድ አቀበለኝ።

ብርሃኗ እንድትቆይለት አሁን በጣም ቀስ አልኩ። ብየዳው እየወፈረ፣ እየተበላሸ እንደሆነ አውቃለሁ። አባዬም ያውቃል፣ ግን አላረመኝም። መዳፉን ጀርባዬ ላይ አሳርፎ፣ ብርሃኗ በሄደችበት ሁሉ እዚያው ጀርባዬ ላይ ጣቱን እያስከተለ፣ አብሮኝ ቀስ ብሎ ሄደ።